የቢሮ ስካነር ሲመረጥ፦ የዩኤስቢው ፍጥነት የሚያስጨንቀው መቼ ነው?

የቢሮ ስካነር ለመግዛት ሁለት ሞዴል ጎን ለጎን የሚያይ ሰው፣ አንዱ ላይ ዩኤስቢ 2.0 ሌላው ላይ ዩኤስቢ 3.2 ተጽፎ ሲያገኝ የዋጋው ልዩነት ከዚያ የመጣ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አይደለም። ሆኖም «የዩኤስቢው ዓይነት ምንም ለውጥ አያመጣም» የሚለው ምክርም ልክ አይደለም። ለውጥ የሚያመጣበት ቦታ አለ፤ እሱንም ወረቀትና እርሳስ ይዞ በአምስት ደቂቃ ማስላት ይቻላል።

አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲነበብ በወርዱ 2,480፣ በቁመቱ 3,508 ነጥብ ይወጣዋል፤ ሲባዛ 8.7 ሚሊዮን ነጥብ ነው። በቀለም ከሆነ እያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ስለሚይዝ ገጹ ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት ይሆናል። በግራጫ 8.7፣ በጥቁርና ነጭ ብቻ ደግሞ 1.1 ሜጋባይት ገደማ። 600 ዲፒአይ ላይ ነጥቡ በወርድም በቁመትም ስለሚያድግ መጠኑ አራት እጥፍ ነው፤ አንድ ባለቀለም ገጽ 104 ሜጋባይት ይደርሳል።

አሁን ደግሞ መንገዱን እንለካ። ዩኤስቢ 2.0 ማሸጊያው ላይ 480 ሜጋቢት በሰከንድ ይላል (8 ቢት 1 ባይት ነው)፤ በሥራ ላይ የሚያሳልፈው ግን ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው። ዩኤስቢ 3.0፣ 3.1 ጄን 1 እና 3.2 ጄን 1 የሚባሉት ስማቸው ይለያይ እንጂ ያው አንድ ናቸው፤ 5 ጊጋቢት፣ ማለትም የዩኤስቢ 2.0 አሥር እጥፍ ገደማ። የኔትወርክ ገመድ 100 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ 11 ሜጋባይት አካባቢ፣ ጊጋቢት ከሆነ 110 አካባቢ ያሳልፋል።

ይህን ይዘን ሦስት ዕቃ እንይ። ካኖን ላይድ 300 ክዳኑ ተከፍቶ ወረቀት አንድ በአንድ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ስካነር ነው። አንድ ባለቀለም ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ ለማንበብ 10 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 26 ለ10 ሲካፈል 2.6 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ ዩኤስቢ 2.0 ከሚችለው አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ ፈጣን ወደብ ፍለጋ ትርፉ ድካም ነው። ጊዜውን የሚወስደው ከመስታወቱ ሥር ያለው የንባብ ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያደርገው ጉዞና ወረቀት የሚቀይረው እጅ ነው።

ስካንስናፕ አይኤክስ1600 መጋቢ፣ ማለትም ከተቆለለው ወረቀት አንድ በአንድ ራሱ የሚስብ ክፍል ያለው ነው። በደቂቃ 40 ወረቀት፣ ፊቱንም ጀርባውንም በአንድ ጉዞ ያነባል፤ ይህ 80 ምስል ማለት ነው። 80 በ26 ሲባዛና ለ60 ሲካፈል 35 ሜጋባይት በሰከንድ ይመጣል፣ ልክ ዩኤስቢ 2.0 ትንፋሽ የሚያጥረው ቦታ ላይ። ኤፍአይ8170 ደግሞ በደቂቃ 70 ወረቀት፣ 140 ምስል ያወጣል፤ ሂሳቡ 61 ሜጋባይት ነው። ምስሉ ሳይታመቅ ከተላከ ዩኤስቢ 2.0 ይህን አይሸከምም፤ አምራቹም ዩኤስቢ 3.2 እና የጊጋቢት ኔትወርክ ወደብ የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ድንበሩ በደቂቃ 40 ወረቀት፣ ሁለቱም ገጽ፣ በቀለም፣ በ300 ዲፒአይ ነው። በደቂቃ 25 ወረቀት የሚያነብ ስካነር በዚሁ ዓይነት ሥራ 22 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ስለሚያወጣ ዩኤስቢ 2.0 ይበቃዋል። ሥራው ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ሆኖ በግራጫ የሚነበብ ከሆነ የ40 ወረቀቱም ማሽን ወደ 12 ሜጋባይት ይወርዳል።

እስካሁን ያሰላነው ግን ምስሉ ሳይታመቅ ሲጓዝ ነው። ብዙ መጋቢ ያላቸው ስካነሮች ምስሉን እዚያው ውስጣቸው ወደ ጄፔግ ለውጠው መላክ ይችላሉ፤ ያኔ ተራ ደብዳቤ ከ26 ሜጋባይት ወደ 1 ሜጋባይት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይወርድና የገመዱ ፍጥነት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ችግሩ ይህ ሁልጊዜ አለመሆኑ ነው። ከስካነሩ ጋር የመጣው ሶፍትዌር አሳምቆ ያስመጣል፤ ያንኑ ስካነር የሂሳብ ወይም የማህደር ፕሮግራም በትዌይን ወይም በዊያ (ፕሮግራሞች ከስካነር ጋር የሚነጋገሩባቸው መደበኛ መንገዶች) በኩል ሲጠራው ግን ምስሉ ጥሬውን ሊመጣ ይችላል። «በራሱ ፕሮግራም ይፈጥናል፣ በእኛ ሲስተም ግን ይጎተታል» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ጥፋቱን ማሽኑ ላይ መጣል አይገባም። በአንዳንድ ድራይቨሮች ቅንብር ውስጥ ምስሉ በጄፔግ ይተላለፍ የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ማብራት ይበቃል። ማመቂያውን ግን ከልክ በላይ አይጨምሩት። ጄፔግ ሲከብድ በፊደሎች ጠርዝ ዙሪያ ብናኝ የመሰለ ቆሻሻ ይተዋል፣ የፊደል ንባቡም (ኦሲአር፣ ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው) ይሳሳታል።

መንገዱ መጥበቡን በጆሮ መለየት ይቻላል። ጤነኛ መጋቢ ድምፁ እኩል ነው፣ ወረቀቱ በእኩል ክፍተት ይወርዳል። መንገዱ ሲጠብ ግን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወረቀቶች በሙሉ ፍጥነት ያልፋሉ፤ ከዚያ ሮለሩ ቆም ይላል፣ አንድ ወረቀት ይስባል፣ እንደገና ቆም ይላል። ስካነሩ ያነበበውን ለጊዜው የሚያቆይባት ትንሽ ማህደረ ትውስታ ሞልታ፣ ኮምፒውተሩ እስኪቀበላት እየጠበቀ ነው። ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ ዝግ ያለ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ማሽኑ ራሱ ፍጥነቱ ያ ነው፣ ወይም ቅንብሩ ነው።

በሰዓት ለማረጋገጥ 20 ወረቀት ይውሰዱ። 300 ዲፒአይ፣ ሁለቱም ገጽ፣ የፊደል ንባብ ጠፍቶ፣ ፋይሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጥ ያድርጉ። መጀመሪያ በግራጫ፣ ቀጥሎ ያንኑ 20 ወረቀት በቀለም ያንብቡና የመጀመሪያው ከተሳበበት የመጨረሻው እስከሚወድቅበት ያለውን ጊዜ ይያዙ። አብዛኞቹ የቢሮ መጋቢዎች በ300 ዲፒአይ ለግራጫም ለቀለምም ፍጥነታቸው አንድ ነው፤ መግለጫው ላይ ይህን ማየት ነው። ዳታው ግን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ጊዜያት እኩል ከመጡ መንገዱ በቂ ነው፤ ፈጣን ወደብ ቢገዙም የሚያተርፉት ነገር የለም። ቀለሙ ከዘገየ ገመዱንና ወደቡን ቀይረው ይድገሙት፤ አሁንም ከዘገየ ኮምፒውተሩ ነው። ይህን ሙከራ 300ን ከ600 ዲፒአይ በማወዳደር አይሥሩት፤ ብዙ ማሽኖች ለ600 ሮለሩን ራሳቸው ስለሚያዘገዩት ውጤቱ ያሳስታል።

ገመዱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የዩኤስቢ 3 ስካነር ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው ቀዳዳ እንደ ቀድሞው አራት ማዕዘን ሆኖ ከላዩ ሌላ ትንሽ ሣጥን የተደረበበት ይመስላል። የድሮው የፕሪንተር ገመድም ታችኛው ክፍል ላይ ይገባል፣ ይሠራልም፤ ግን በውስጡ ያሉት ሽቦዎች ለ2.0 ስለሆኑ ማሽኑ ሳይነግርዎት ወደ 480 ሜጋቢት ይወርዳል። በኮምፒውተሩ በኩል የ3.0 ወደብ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ለ2.0 ገመድ ከ5 ሜትር፣ ለ3.0 ከ3 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። እንደ ላይድ ያሉ ኃይላቸውን ከዩኤስቢው የሚወስዱ ስካነሮች ደግሞ ያለ ራሱ ቻርጀር በሚሠራ ማከፋፈያ ላይ ሲሰኩ መሀል ላይ ሊቋረጡ ይችላሉ፤ ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ብቻ ሆኖ ሳለ ከሌላ ዕቃ ጋር እየተሻሙ ነውና ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኳቸው።

እውነተኛው ማነቆ ብዙ ጊዜ ያለው ከገመዱ ወዲህ ነው። የተጣመመ ገጽ ማቃናት፣ ባዶ ጀርባን መለየት፣ ፊደል ማንበብና ፒዲኤፍ ማድረግ ሁሉም የኮምፒውተሩ ሥራ ነው። በደቂቃ 80 ምስል ለሚያወጣ ስካነር የፊደል ንባቡ በእያንዳንዱ ምስል 2 ሰከንድ ቢወስድ የአንድ ደቂቃው ሥራ 160 ሰከንድ ይፈልጋል። መፍትሔው መጀመሪያ ሁሉንም አንብቦ፣ ንባቡን በኋላ በጅምላ ማስኬድ ነው። ቴሰራክት የተባለው የፊደል ንባብ ፕሮግራም አማርኛ ስለሚያነብ ለዚህ ይሆናል። እዚህ ላይ 300 ዲፒአይን አይቆጥቡ፤ ለ እና ሉ፣ በ እና ቡ የሚለዩት በጎን በምትወጣ ትንሽ ጭረት ነው። ደቃቅ ጽሑፍ በ200 ዲፒአይ ሲነበብ ያቺ ጭረት ልትጠፋ ትችላለች።

በኔትወርክ የሚሠራ ስካነር ለብዙ ሰው የሚያገለግል ከሆነ በገመድ ይሁን። በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ የታመቀ ምስል ያለ ችግር ይሄዳል፤ ጥሬ ምስል ግን ከላይ የተባለውን ቆም ቆም ማለት ያመጣል። ከፍጥነቱ ይልቅ ሰውን የሚያንገላታው ግን ስካነሩ ፋይሉን የሚልክበት የጋራ ፎልደር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ያለው ዊንዶውስ 10 ፎልደር በኔትወርክ የሚጋሩበትን የድሮውን ሥርዓት፣ ኤስኤምቢ 1ን፣ እንደተጫነ አያበራውም፤ ያረጀ ስካነር ደግሞ ከዚያ ሌላ ስለማያውቅ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖም «መገናኘት አልተቻለም» ይላል። ከመግዛትዎ በፊት ኤስኤምቢ 2 ወይም 3 እንደሚያውቅ ይጠይቁ። ለደኅንነት ሲባል ኤስኤምቢ 1ን መልሶ ማብራት አይመከርም።

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚገባው ፋይሉ ወደ ክላውድ ወይም ወደ ኢሜይል ሲላክ ብቻ ነው፤ የሚታየውም የመጫኛው እንጂ የማውረጃው አይደለም። 15 ሜጋባይት ፒዲኤፍ በ10 ሜጋቢት 12 ሰከንድ፣ በ1 ሜጋቢት 2 ደቂቃ ይፈጃል።

ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደ መጋቢው ነው። ሁለቱን ገጽ በአንድ ጉዞ የሚያነብ ይሁን፤ ወረቀቱን ገልብጦ እንደገና የሚስበው ዓይነት ጊዜውንም ጃም የማድረግ ዕድሉንም ያበዛዋል። በድምፅ ሞገድ ሁለት ወረቀት ተጣብቆ መግባቱን የሚለይ ይሁን፤ ያለዚያ አንድ ገጽ ተዘልሎ ሲያልፍ ማንም ሳያውቅ ዋናው ወረቀት ይወገዳል። የተጠረዘ መዝገብ ካለ መጋቢ አይጠቅምም። ሲአይኤስ የተባለው ቀጭን አንባቢም ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያለውን የጥራዝ ስፌት ያደበዝዘዋል፤ ለዚያ ሲሲዲ የተባለው አንባቢ ያለው ጠፍጣፋ ይሻላል።

ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር በሁሉም ገጽ ላይ ከታየ መጋቢው ሥር ባለው ጠባብ መስታወት ላይ አንዲት ነጥብ አቧራ ወይም ሙጫ አለ ማለት ነው። በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ፣ ብናኝ በማይለቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ የትልቁን መስታወት መጥረግ ለውጥ አያመጣም። ወረቀት ሁለት ሁለት እየሆነ መግባት ሲጀምር ደግሞ ሮለሩና መለያው አልቀዋል። እንደ ሞዴሉ ከ100,000 እስከ 200,000 ወረቀት ያህል ያገለግላሉ። ያገለገለ ስካነር የሚገዙ ከሆነ በድራይቨሩ ውስጥ ያለውን የሮለር ቆጣሪ አስከፍተው ይዩ፣ መለዋወጫውም አሁን ድረስ መመረቱን ያረጋግጡ። አዲስ ሮለር ሲያስገቡም ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ አለዚያ ማሽኑ ገና ከጅምሩ «ሮለር ይቀየር» እያለ ይጮኻል፣ እውነተኛው ጊዜ ሲደርስም የሚሰማው አይኖርም።