የናፍጣ መኪና ኤር ፊውል ሴንሰር፦ በማሽን ወይስ በመልቲሜትር?

ኤር ፊውል ሴንሰር ጭስ ማውጫው ላይ ሆኖ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ፣ የራሱ ማሞቂያ ያለው ሴንሰር ነው። ማሽኑ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር) ሲሰካ «ፒ0031» የሚል ኮድ ካወጣ፣ ብዙ ጋራዥ ውስጥ ቀጥሎ የሚመጣው «ሴንሰሩ ይቀየር» ነው። ኮዱ ግን እንደዚያ አላለም። የሚለው የማሞቂያው መቆጣጠሪያ መስመር ቮልቴጅ ዝቅ ብሏል ነው፤ ሽቦው ይሁን ፊውዙ ወይስ ራሱ ሴንሰሩ፣ አይለይም።

ማሽኑ ጥሩ የሚሆነው መኪናው እየሄደ ሲታይ ነው። ቁልቁለት ላይ በማርሽ እያለ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሲነሳ ናፍጣው ስለሚቋረጥ ንባቡ ወደ 21 በመቶ ኦክስጅን መጠጋት አለበት። ባለበት ከተገተረ ሴንሰሩን መጠርጠሩ ልክ ነው።

መልቲሜትሩ ርካሽ ነው፤ ለማሞቂያው መስመር ደግሞ እኔ እሱን አስቀድማለሁ። ቁልፉ ጠፍቶ ሶኬቱ ይነቀልና በሴንሰሩ በኩል የማሞቂያው ሁለት ፒኖች በኦም ይለካሉ። ለምሳሌ ኤልኤስዩ 4.9 የተባለው የቦሽ ሴንሰር ሲቀዘቅዝ 3 ኦም አካባቢ ያሳያል (ትኩስ እያለ ከለካችሁት ከፍ ስለሚል ታገሱ)። ምንም ካላነበበ ማሞቂያው ተቆርጧል። ደህና ከሆነ ቁልፉ ይከፈትና፣ እንደ መኪናው አሠራር ሞተሩም ይነሳና፣ በሽቦው በኩል ባለው ሶኬት 12 ቮልት መግባቱ ይታያል። ካልገባ ፊውዝና ሪሌ። ከገባ ቁልፉን አጥፍታችሁ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን ሽቦ ተከተሉ፤ ጭስ ማውጫው ጋ ፕላስቲኩ ቀልጦ ቦዲ የነካበት ቦታ አይጠፋም።

የኦክስጅን ንባቡን ግን ለመልቲሜትር አትስጡት። ይህ ሴንሰር እንደ ድሮው በቮልት ሳይሆን በጥቂት ሚሊአምፔር ስለሚሠራ እዚያ ላይ ማሽኑ ይበልጣል።