ጅማ ውስጥ «ከኦቾሎኒ ነፃ» እየተባለ የሚሸጠውን የልጆች ምጥን ተጠንቀቁ!

ጅማ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ በተለይ ልጃችሁ ኦቾሎኒ የማይስማማው ከሆነ፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ሰሞኑን በቴሌግራም እየተዋወቀ በባጃጅ ቤት ድረስ የሚመጣ የምጥን ዱቄት አለ። ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ነው የታሸገው፤ ላዩ ላይ «ከኦቾሎኒ ነፃ፣ አለርጂ ላለባቸው ልጆች» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ውስጡ ምን ምን እንደገባበት ግን አንድም ቃል አልተጻፈም። ዋጋው ደግሞ ሂርማታ ገበያ ከሚሸጠው ተራ ምጥን እጥፍ ነው።

የእህቴ ልጅ ኦቾሎኒ እንደማይስማማው በሐኪም ተረጋግጧል። ከዚህ ዱቄት የተሠራ ገንፎ ትንሽ እንደቀመሰ ከንፈሩ አበጠ፣ ገላው በሽፍታ ተወረረ፣ አስመለሰው፣ ከዚያ ትንፋሹ ሲር ሲር ይል ጀመር። እህቴ ጊዜ ሳታጠፋ ሆስፒታል አደረሰችው፤ አድሬናሊን ተወጋና ተረፈልን። ተመስገን።

ሻጯ ጋ ደውለን ስንጠይቃት «ኦቾሎኒ የሚባል ነገር የለበትም» አለች። የለበትም፣ እውነቷን ነው። በኦቾሎኒው ፋንታ «ለፕሮቲን» ብላ የጨመረችው ግብጦ ነው! አብሽም አለበት። ግብጦው በደንብ ታጥቦ ተቆልቷል፣ ምንም አያደርግም ብላ ተከራከረችን። ገንዘባችንን መልሺ ስንላት «የተከፈተ አልመልስም» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ኦቾሎኒ እኮ ጥራጥሬ ነው። ከባቄላ፣ ከአተር፣ ከሽምብራ፣ ከግብጦ፣ ከአብሽ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነቱ የሚቆጣው ፍሬው ውስጥ ባለው ፕሮቲን ነው፤ የዘመዱ ፕሮቲን ከተመሳሰለበት ያንንም ኦቾሎኒ ነው ብሎ ይነሳበታል። ከዘመዶቹ ሁሉ ደግሞ በዚህ በጣም የሚታወቀው ግብጦ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ. ግብጦን እሽግ ላይ የግድ ከሚጻፉት አለርጂ አምጪ ምግቦች ውስጥ ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ለቀናት ተዘፍዝፎ ውኃው ሲቀያየር የሚወጣው መራራው ነገር ነው፤ አለርጂ የሚያመጣው ፕሮቲን እዚያው ይቀራል፣ መቁላትም አያጠፋውም። አብሽም ኦቾሎኒ በማይስማማቸው ሰዎች ላይ ችግር ሲያመጣ ታይቷል፣ እሱን ደግሞ እኛ የማንጨምርበት ቅመም የለም።

ግን አደራ፣ ይህን አንብባችሁ የልጁን ሽሮና ምስር እንዳትከለክሉት! ኦቾሎኒ የማይስማማው አብዛኛው ሰው ሌላውን ጥራጥሬ ያለ ችግር ይበላል። የደም ምርመራ ላይ ሽምብራም አተርም «አለርጂ» ብሎ ሊወጣ ይችላል፣ ሲበላ ግን ምንም ላይሆን ይችላል። በጾም ወቅት ከጥራጥሬ ውጪ ልጁ ምን ሊበላ ነው? እስከዛሬ በሰላም ሲበላ የኖረውን ይብላ። ቀምሶት የማያውቀውን ግብጦ ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትስጡት።

ካሹ የማይስማማው ካለ ደግሞ ፒስታሺዮን ይራቅ፣ ሁለቱ በጣም ቅርብ ናቸው። ማንጎም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ እሱን ግን ብዙዎቹ ይበሉታል። ግቢና መንገድ ዳር የሚተከለው፣ ቀያይ ፍሬ የሚያንጠለጥለው የቁንዶ በርበሬ ዛፍም ዘመዳቸው ነው። ካሹ የማይስማማው ሰው ያንን ፍሬ ምግብ ውስጥ ባያስገባ ይሻለዋል። ከቴፒ የሚመጣው ጥቁሩ ቁንዶ በርበሬ ሌላ ተክል ነው፣ አታምታቱት።

ስለዚህ «ነፃ» የሚል ወረቀት አይታችሁ ብር አታውጡ። «ምን የለበትም?» ሳይሆን «ምን ምን አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ልትነግራችሁ ካልፈለገች ተዉት። ምጥን ቤት ማዘጋጀት ይቻላል፤ እህሉን ራሳችሁ ለቅማችሁ አስፈጩ፣ ወፍጮ ቤቱ ግን ከእናንተ በፊት ምን እንደፈጨ ጠይቁ። ልጁ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከንፈሩና ምላሱ ካበጠ ደግሞ የሽፍታ ኪኒን ሰጥታችሁ እስኪሻለው አትጠብቁ፣ ሩጡ። እዚያ ሰዓት የሚያድነው አድሬናሊን ነው።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። እኛ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክተናል። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነፃው መስመር 8482 መደወል ይቻላል። ዱቄቱን የገዛችሁ ካላችሁ እሽጉን ከነወረቀቱ አትጣሉት፣ የከፈላችሁበትንም የባንክ መልእክት አታጥፉት፤ ማስረጃ ሲጠየቅ እነዚህ ያስፈልጋሉ።