አንድ ዋጋ፣ ሁለት ፔንሲዮን፦ አውቶቡስ ተራ አካባቢ አልጋ ለሚፈልግ

ከአዲስ አበባ የሚነሳው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ተሳፋሪውን የሚጠራው ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ በመሆኑ፣ እንደ እኔ አያት በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው በዚያ ሰዓት ታክሲ ፍለጋ ከሚንከራተት ይልቅ መርካቶ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ይዞ ቢያድር ይሻለዋል። ከክፍለ ሀገር አምሽቶ የሚገባውም መንገደኛ ቢሆን ሻንጣውን ይዞ ሩቅ መሄድ አይፈልግም። ይህን ፈላጊ አይተው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የአካባቢው ባለ ቤቶች ግቢያቸውን እየከፋፈሉ ስላከራዩ፣ ከመናኸሪያው በር እስከ ሰባተኛ ሰፈር ድረስ «አልጋ አለ» የሚል ታፔላ ያልተሰቀለበት ቅያስ ማግኘት ያስቸግራል። ላምበረት፣ ቃሊቲ፣ አስኮና አየር ጤና መናኸሪያዎች አጠገብም ነገሩ ያው ነው።

በቅርቡ በተለያየ ጊዜ በሁለት ፔንሲዮኖች አድሬ ነበር። ሁለቱም የጋራ ሻወር ያላቸው ሲሆኑ፣ ለአዳር የከፈልኩት እኩል 600 ብር ነው። ስማቸውን አልጠቅስም።

የመጀመሪያው ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ብደርስም፣ እንግዳ ተቀባይዋ አዳር የሚሰጠው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መሆኑን ነገረችኝ። ምክንያቱን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ክፍሎቹ እስከዚያ ድረስ የሚከራዩት ለ«ሾርት»፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ ነው፣ አንድ አልጋ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲከራይ ደግሞ የሚያስገባው ገንዘብ ከእኔ አዳር ይበልጣል። በባለ ቤቱ ቦታ ብሆን እኔም ሒሳቡን ሳልሠራ አልቀርም ነበር። ሆኖም አንሶላው መቀየሩን ስላላመንኩ ጋቢዬን አንጥፌ ተኛሁ። ግድግዳው ችፑድ በመሆኑ የጎረቤቴን የስልክ ወሬ እስከ እኩለ ሌሊት አዳመጥኩ፤ ውሃውም በባልዲ የቀረበ፣ ቀዝቃዛ ነበር። የሚመሰገን ነገር ቢኖር ዘበኛው ነው፤ ልክ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን በሬን አንኳኩቶ ቀሰቀሰኝ፣ ሻንጣዬንም እስከ አውቶቡሱ ተሸከመልኝ።

ሁለተኛው ከመናኸሪያው በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ወደ መርካቶ ገባ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ደንበኞቹ ዕቃ ሊጭኑ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡ ነጋዴዎች ናቸው። እዚህ አንሶላው የፀሐይ ሽታ ነበረው፣ ሻወሩ ሙቅ ውሃ ያወርድ ነበር፣ የነጋዴዎቹም ጭነት የሚቆለፍበት መጋዘን ነበር። ለአከራይዋ፣ «እትዬ፣ በዚህ ዋጋ እንዴት ያዋጣዎታል?» ብላቸው፣ «እነዚህ እኮ በየሳምንቱ የሚመጡ ናቸው፤ አንዱን ቁንጫ ከነከሰብኝ ማክሰኞ ሳይደርስ ተራው ሁሉ ይሰማል» ብለው መለሱልኝ።

ልዩነቱ የአከራዮቹ ደግነት ወይም ክፋት አይመስለኝም። በሩ ፊት ለፊት ያለው ቤት ያስተናገደው መንገደኛ ቢከፋም ባይከፋም ጎህ ሲቀድ ይሄዳል፤ በማግስቱም ሌላ፣ ስለ ቤቱ ምንም የማያውቅ፣ የደከመው ሰው ይተካዋል። ስለዚህ ቤቱ የሚሸጠው ቅርበትንና ሰዓትን ብቻ ነው፣ ያንንም በሚገባ ይሸጣል። ተመላልሶ የሚመጣ ደንበኛ ያለው ግን በዚያው 600 ብር ንጽሕናን ለመጨመር ይገደዳል። ብዙ ጊዜ «ውድድር ካለ ጥራት ይመጣል» ይባላል፤ በዚህ ሰፈር ውድድሩ ከሁሉም የበረታው በመናኸሪያው በር ላይ ሆኖ ሳለ፣ ካየሁት ሁሉ የከፋውን አንሶላ ያገኘሁት እዚያው ነው።

ሁለተኛውም ቤት እንከን አለው። እሑድ ማታ ነጋዴዎቹ ስለሚሞሉት ቀደም ብሎ ደውሎ አልጋ መያዝ ያስፈልጋል፤ የሚቀሰቅስ ሰውም የለም። የግቢው በር እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ስለሚቆለፍም፣ በጠዋት የሚሳፈር ሰው ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚያድር ማታውኑ መጠየቅ አለበት፤ እኔ ባለመጠየቄ አውቶቡሱን የደረስኩበት በሩጫ ነው።