በደሴ አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ሠራተኞቹ አንብበው የሚመርጧቸው ልብ ወለዶች

በደሴ ከተማ በምጠቀምበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ከውሰት መስኮቱ አጠገብ፣ «እኛ ያነበብናቸው» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት መደርደሪያ አለ። ሦስት እርከን ብቻ ያለው ሲሆን፣ የሚይዘውም ለአዋቂ አንባቢ የተጻፉ የአማርኛ ረጃጅም ልብ ወለዶችን ነው። በመደርደሪያው ላይ መጽሐፍ ማስቀመጥ የሚችለው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ያስቀመጠውም ሰው በእጁ የጻፈውን አንድ ትንሽ ካርድ በሽፋኑ ውስጥ ይተዋል። ካለፈው መስከረም ወዲህ በዚህ መደርደሪያ ምክር ሰባት መጻሕፍት ተውሼ ስላነበብሁ፣ አገልግሎቱ የሚያስመሰግነው በምን እንደሆነና የሚጎድለውም የቱ ላይ እንደሆነ መናገር እችላለሁ።

ካርዶቹን ዋጋ ያላቸው ያደረጋቸው ሙገሳ አለመሆናቸው ነው። በመጻሕፍት ጀርባ ላይ የሚታተመው አስተያየት ሁሉንም መጽሐፍ ስለሚያወድስ አንባቢው እንዲመርጥ አይረዳውም። የእነዚህ ሠራተኞች ካርድ ግን መጽሐፉ የት ላይ እንደሚከብድና ከባዱን ቦታ ለምን መታገሥ እንደሚገባ ይናገራል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለምሳሌ ልውሰድ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን መጽሐፍ ብዙዎቻችን የምናውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተን ነው፤ እኔም ታሪኩን በጆሮዬ አውቀዋለሁ ብዬ ስላሰብሁ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ሳልርቅ ትቼው ነበር። ካርዱ መጽሐፉ የሚጀምረው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ሳይሆን በበዛብህ ወላጆች፣ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ መሆኑን ካስታወሰ በኋላ፣ ልጁን የሚያስረው ስእለት ከዚህ ስለሚነሣ አንባቢው እዚህ ላይ እንዳይቸኩል ይመክራል። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ያስጣለኝ ምን እንደነበር የገባኝ ይህን ሳነብ ነው፤ ፍቅረኞቹን ፍለጋ ስቸኩል ታሪካቸው የተተከለበትን መሬት እየዘለልሁ ነበር። በሦስተኛው ሙከራዬ በሦስት ሳምንት ጨረስሁት። በሬዲዮ ስሰማው ያሥቀኝ የነበረው ጉዱ ካሳም በጽሑፍ ሳገኘው እጅግ የሚያሳዝን ሰው ሆነብኝ።

ከካርዶቹ በተጨማሪ ሠራተኞቹ በመስኮቱ በኩል የቃል ምክር ይሰጣሉ። የሚያነበው መጽሐፍ እንዲመርጡለት ለጠየቃቸው ሰው ወዲያው ርዕስ አይጠሩለትም። የሚያስቀድሙት ጥያቄ ምን እንደወደደ ሳይሆን፣ ጀምሮ የተወው መጽሐፍ የትኛው እንደሆነና ለምን እንደተወው ነው፤ ቀጥሎም ቀን ወይስ ማታ እንደሚያነብ፣ ለብቻው ወይስ ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ እንደሚያነብ ይጠይቁታል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እንደኛ ባለ አካባቢ እጅግ ተገቢ ነው፤ በብዙ ቤት መጽሐፍ የሚነበበው ቡና ተፈልቶ፣ ማንበብ የማይችሉ ታላላቆች ባሉበት ነውና።

ሠራተኞቹ በምርጫቸው ሁልጊዜ አይስማሙም፤ አለመስማማታቸውንም አይደብቁም። በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ውስጥ ሁለት ካርዶች አገኘሁ። የመጀመሪያው ደራሲውን ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ እንደሌለ ይገልጻል። ሁለተኛው ደግሞ አንባቢው አስቀድሞ «ከአድማስ ባሻገር»ን እንዲያነብ ይመክራል፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ በ1975 ዓ.ም. የታተመው «ኦሮማይ» ከገበያ መሰብሰቡና ደራሲውም በዓመቱ የደረሰበት መጥፋቱ ሁልጊዜ ከመጽሐፉ ቀድሞ ስለሚወራ፣ አንባቢው በልብ ወለዱ ፈንታ የደራሲውን ዕጣ እያሰበ ያነበዋል ይላል። እኔ ሁለተኛውን ተከተልሁ፤ ትክክል ሆኖም አገኘሁት። በ«ከአድማስ ባሻገር» አበራ ወርቁ በሥዕል ዝንባሌውና ዘመዶቹ በሚጠብቁበት ኑሮ መካከል ሲዋልል ካየሁ በኋላ፣ ደራሲው የሰውን ልብ በምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚመረምር ስላወቅሁ፣ «ኦሮማይ»ን እንደ ፖለቲካ ሰነድ ሳይሆን እንደ ልብ ወለድ ለማንበብ ቻልሁ።

ቅር ያሰኘኝ አንድ ካርድ ነበር። የብርሃኑ ዘሪሁንን «ማዕበል» የተዋስሁት ለእናቴ ላነብላት ነው። ካርዱ መጽሐፉ የአብዮቱን ዋዜማ እንደሚያሳይ፣ ቋንቋውም ቀላልና ጮክ ተብሎ ሲነበብ ለጆሮ የሚጥም እንደሆነ ብቻ ይገልጻል። ልብ ወለዱ የወሎን ድርቅና ረሀብ እንደሚተርክ ግን አንድም ቃል አላለም። እናቴ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በየጁ በኩል ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ቤተሰብ የተረፉትም ሦስት ብቻ ናቸው። ማንበብ በጀመርሁ በሁለተኛው ምሽት ሲኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች፤ እኔም ማንበቤን አቆምሁ። ቆይታ ግን «አብሽር ልጄ፣ ሌላ ቀን ትጨርስልኛለህ፤ እሱ የጻፈው እውነት ነው» አለችኝ። መጽሐፉን ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀብን፤ በየመካከሉ እሷ ስትናገር እኔ ሳዳምጥ ያለፈው ምሽት ከተነበበው ይበልጣል። በዚህ አልጸጸትም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን መጽሐፍ፣ በተለይ በወሎ ለሚኖር አንባቢ፣ አስቀድሞ ሳይነግሩ መስጠት ከባድ ግድፈት ነው። መጽሐፉን ስመልስ ለመስኮቱ ሠራተኛ ይህንኑ ነገርኋት። ምክንያት አልደረደረችም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እናትዎንም ይቅርታ ጠይቁልኝ» ብላ አሮጌውን ካርድ አወጣችና በፊቴ አዲስ ጻፈች፤ መጽሐፉ የረሀቡን ዘመን እንደሚተርክ፣ በቤት ውስጥ ያንን ዘመን ያየ ሰው ካለም ከማንበብ በፊት እንዲነገረው የሚል ነበር። የሚሰጡትን ምክር ሲታረሙበት እንዲህ በቅንነት የሚቀበሉ ሠራተኞች ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሌሎቹ ጉድለቶች በአብዛኛው ከዐቅም ጋር የተያያዙ ናቸው። ከአብዛኞቹ መጻሕፍት ያለው አንድ ቅጂ ብቻ በመሆኑ ተራ በመዝገብ ይያዛል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለማግኘት አምስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። ውሰቱ ለሁለት ሳምንት ሲሆን፣ ወፍራም መጽሐፍ ለያዘ ሠራተኛ ሰው አይበቃም፤ አንድ ጊዜ ማሳደስ መፈቀዱ ግን ይረዳል። በዐቅም የማይመካኘው ጉድለት የምርጫው ሚዛን ነው። መደርደሪያው ከአብዮቱ በፊትና በደርግ ዘመን በታተሙ ሥራዎች ተሞልቷል፤ የሴት ደራስያን ሥራ ያየሁት ሁለት ብቻ ነው፤ ያለፉት 20 ዓመታት ልብ ወለዶችም ከአንድ እርከን እኩሌታ አይበልጡም። የሚመክሩት ሠራተኞች ወጣቶች ሆነው ሳለ ምርጫቸው ከመምህሮቻቸው የንባብ ዝርዝር ያልራቀ መሆኑን ሳይ፣ ለራሳቸው ፍርድ ገና በቂ እምነት እንዳልሰጡት ይሰማኛል። ካርዶቻቸውን ያነበበ ሰው ግን ፍርዳቸው የሚታመን መሆኑን ያውቃል።

ከሥራ መልስ ለሚመጣ ሰው አመቺው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ያን ጊዜ ካርድ የሚጽፉት ሠራተኞች ሁሉ ስለሚገኙ ከእነርሱ ጋር ለመነጋገርም ጊዜ ይገኛል። እኔ አሁን ተራ የያዝሁት ለዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። ካርዱ የቋንቋውን ክብደት ሳይሸሽግ፣ አንባቢው የማያውቃቸውን ቃላት የሚመዘግብበት ደብተር ይዞ እንዲቀመጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ገጾችም ሁሉም ካልገባው እንዳይደነግጥ ይመክራል። ደብተሩን ገዝቻለሁ፤ ከእኔ በፊት የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው።