ሐረር ላይ «የአባቶች ቤት ክፍል» እያለ ቅድሚያ የሚያስከፍለው ደላላ

ከውጭ የሚመጣ የበጎ ፈቃድ ሠራተኛ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያላችሁ ሁሉ ይህን አድርሱልኝ። ቴሌግራም ላይ «ሐረር፣ ሚሲዮናውያን አባቶች ግቢ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ከነምግቡ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ አንድ ብር እንዳትልኩ።

የአክስቴ ልጅ ካናዳ ተወልዳ ያደገች ናት። አሁን ጅቡቲ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ታስተምራለች። ለእረፍት በባቡር ድሬዳዋ መጣችና ከሙቀቱ ሸሽታ ሐረር ልትቆይ ፈለገች። ደላላው የሁሉንም ሌሊት ሂሳብ አስቀድሞ ተቀበላት። ገንዘቡ የገባው በግለሰብ ሂሳብ ነው፤ ደረሰኝ የለም። ሚኒባስ ይዛ ደንገጎን ወጥታ ሐረር ስትገባ የግቢው ዘበኛ ስሟን የሚያውቅ አልሆነም። እንግዳ የሚቀበሉት አባ ራሳቸው ወጥተው አነጋገሯት። ሰውየውን አያውቁትም።

ስትደውልለት «እህቴ አይዞሽ፣ ዛሬ ሞልቶ ነው» አላት። ወስዶ ያሳያት ውሃ የሌለው፣ በሩ በቅጡ የማይቆለፍ ክፍል ነበር። ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል ተሰቅሏል። ገንዘቤን መልስ ስትለው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እሱ እኮ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መዋጮ ነው፤ አይመለስም።»

እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ለእግዚአብሔር ሰጠሁ ያለ ሰው መልሱልኝ ማለት ያፍራል። ደላላው በዚህ ሀፍረት ነው የሚነግደው። ኧረ አቦ፣ ይሄ ግፍ ነው!

ለነገሩ ሰው የሚያምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ካፑቺን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት አባቶች ሐረርን ከመቶ ዓመት በላይ አገልግለዋል። ተፈሪ መኮንንን በልጅነታቸው ያስተማሩት አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. ሐረማያ ሐይቅ ላይ በደረሰው የጀልባ አደጋ ነው ያረፉት። ሚኒባሱ የሚያልፈው በዚያው በሐረማያ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ያተረፉትን ስም ማንም ተነስቶ ሊቸረችረው አይገባም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚሲዮን ቤት ሆቴል አይደለም። የካቶሊክ መነኮሳት ቤት ለነዋሪዎቹ ብቻ የተከለለ ክፍል አለው፤ እንግዳ እዚያ አይገባም። ስለዚህ «ለባልና ሚስት ከአባቶቹ ጋር አንድ ላይ» የሚላችሁ ሰው ቤቱን ራሱ አያውቀውም። ሴት እንግዳ ብዙ ጊዜ ወደ እህቶች (ሴት መነኮሳት) ማኅበር ነው የምትላከው። ቦታ መኖሩን ራሳችሁ ለቤቱ ደውላችሁ ጠይቁ። ስልኩንም ከቤተ ክርስቲያኑ ውሰዱ እንጂ ከማስታወቂያው አይሁን። ማታ በሩ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋም ጠይቁ፤ ከድሬ አምሽቶ ለሚነሳ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የምትሰጡትን እዚያው ለኃላፊው ስጡና ማኅተም ያለው ደረሰኝ ተቀበሉ።

ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ «መዋጮ ነው» ስለተባላችሁ ዝም አትበሉ። ክፍል አከራያለሁ ብሎ ገንዘብ የወሰደ ሰው አገልግሎት ሸጧል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለእንዲህ ያለው ነው የወጣው። የቴሌግራም ምልልሱን አታጥፉ፤ ሊያጠፋው ስለሚችል ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት። የክፍያውን ቁጥር ይዛችሁ ወዲያው ወደ ባንኩና ወደ ፖሊስ ሂዱ። የአክስቴ ልጅ ሐረር ፖሊስ አመልክታለች። በዚሁ መንገድ የተታለላችሁ ካላችሁ እናንተም አመልክቱ፤ አቤቱታው ሲበዛ ሰውየውን ለመያዝ ይቀላል።