ርቀት ወይስ ብርሃን? ለጉዞ የሚሆን ትንሽ ካሜራ ስትመርጡ

አክስቴ ቡና ስትቀዳ ያነሳኋት ፎቶ አለኝ። ጎንደር ነው፣ ማታ፣ አንድ አምፖል ብቻ በበራበት ክፍል። ጀበናው ዘንበል ማለቱ ያስታውቃል። እጇ ግን የለም። በእጇ ፋንታ ጭስ የመሰለ ብዥታ ነው ያለው። ያኔ የያዝኩት የኪስ ካሜራ ዙሙ በጣም ረጅም ነበር፤ የገዛሁትም ለዙሙ ብዬ ነው። በዚያው ሳምንት ሰሜን ተራሮች ላይ ከማዶ ገደል የቆመ ዋልያ አንስቼበታለሁ። ዋልያው ቀንዱ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። አክስቴ ካረፈች ቆይታለች። የዋልያውን ፎቶ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም። የእሷን ግን ልጆቿ ዛሬም ይጠይቁኛል።

ስለዚህ ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄድ ወዳጅ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ይበልጥ የምታነሳው ሩቅ ያለውን ነው ወይስ ጨለም ያለ ቤት ውስጥ ያለውን?» እለዋለሁ። ኪስ የሚገባ ካሜራ ሁለቱንም አሟልቶ አይሰጥም። ሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ ብዙ ብርሃን እንዲያስገባ ከተፈለገ መስታወቱ መግዘፍ አለበት። መስታወቱ ከገዘፈ ደግሞ ኪስ አይገባም። ፋብሪካው አንዱን መርጦ ከሌላው ይቀንሳል። እኛም ከዚያ ምርጫ ውስጥ ነው የምንመርጠው።

እዚህ አራት ካሜራዎችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ካኖን ጂ7 ኤክስ ማርክ 3፣ ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 7፣ ፓናሶኒክ ሉሚክስ ቲዜድ99 እና ሪኮ ጂአር 3። ፓናሶኒኩ አሜሪካ ውስጥ ዜድኤስ99 በሚል ስም ነው የሚሸጠው። አራቱም ጃኬት ኪስ ይገባሉ። ሪኮ 257 ግራም ነው፤ ሶኒና ካኖን 300 ግራም ትንሽ ያልፋሉ፤ ፓናሶኒክ 320 ግራም ገደማ ነው። በክብደት የሚያጣላ ነገር የለም።

ስልኬ አይበቃኝም ወይ?

ጥሩ ስልክ ካላችሁ፣ የምታነሱትም በፀሐይ የመሬት አቀማመጥና የቡድን ፎቶ ከሆነ ይበቃችኋል። ገንዘባችሁን ለጉዞው ያዙት። ስልክ ጨለማ ውስጥም ቆንጆ ፎቶ ያወጣል፤ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ አንድ ላይ ያዋህዳል። ይህ ዘዴ ግን የሚሠራው የሚነሳው ነገር ዝም ብሎ ሲቆም ነው። እስክስታ የሚወርድ ሰው፣ የሚሮጥ ሕፃን፣ የሚቀዳ ቡና አይቆምም። ትንሽ ካሜራ ከስልክ የሚሻልበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቀጥሎ እውነተኛ ዙሙ ነው።

ካርቶኑ ላይ በትንሹ የሚጻፈው

ካርቶኑ ላይ ደምቆ የሚጻፈው ዙምና ሜጋፒክስል ነው። ሜጋፒክስሉን እርሱት፤ ሦስቱ 20፣ ሪኮ 24 ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መታየት ያለበት የሴንሰሩ መጠን ነው። ሴንሰር ማለት በሌንሱ የገባው ብርሃን የሚያርፍበት ገጽ ነው። ሰፋ ሲል ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ በጨለማ የሚነሳ ፎቶም አሸዋ የተነሰነሰበት አይመስልም።

የፓናሶኒኩ ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስሙ 1/2.3 ኢንች ነው። የካኖንና የሶኒው 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በስፋት አራት እጥፍ ይሆናል። «አንድ ኢንች» ይባላል እንጂ የትኛውም ጎኑ ኢንች አይሞላም። ስሙ ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦዎች የተወረሰ ነው። ሻጭ «ሙሉ ኢንች ነው» ቢላችሁ አትደነቁ። የሪኮ ደግሞ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌንሳቸው የሚቀያየር ትልልቅ ካሜራዎች ውስጥ የሚገባው ዓይነት። ከካኖንና ከሶኒው ሦስት እጥፍ ይሰፋል።

ሁለተኛው የሌንሱ ቀዳዳ ነው። «ኤፍ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። ካኖን ዙም ሳይደረግ ኤፍ 1.8 ነው፤ ዙሙ እስከ መጨረሻው ሲሳብ እንኳ ከኤፍ 2.8 አያልፍም። ሶኒ ከኤፍ 2.8 ጀምሮ እስከ ኤፍ 4.5 ይሄዳል። ፓናሶኒክ ከኤፍ 3.3 እስከ ኤፍ 6.4 ነው። ሪኮ ዙም የለውም፤ ኤፍ 2.8 ላይ የቆመ ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ክፍል ልመለስ። የሚንቀሳቀስ እጅ ብዥ እንዳይል ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ የሚከፈትበት ጊዜ 1/125 ሰከንድ አካባቢ መሆን አለበት። አይኤስኦ ካሜራው የገባለትን ብርሃን የሚያጎላበት መጠን ነው፤ እንደዚያ ባለ ክፍል ካኖኑ አይኤስኦ 1600 ቢበቃው ፓናሶኒኩ ከ5000 በላይ ይጠይቃል። እሱም አራት ጊዜ በሚያንስ ሴንሰር ላይ ነው። አይኤስኦ ሲጨምር ፎቶው ይሻክራል፣ የሰው ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል። ካሜራው ያንን ላለማድረግ ሹተሩን ያዘገየዋል። የአክስቴ እጅ የጠፋው በዚህ ነው።

ቤተ መቅደስ ውስጥና ደጅ

ላሊበላ ቤተ ማርያም ስትገቡ ዓይናችሁ እስኪለምድ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ብርሃን የሚመጣው ከበሩና ከትንንሽ መስኮቶች ነው። ጣሪያውና ግድግዳው ላይ ዘመናት ያለፉት ሥዕል አለ። እንዲህ ያለ ሥዕል ላይ ፍላሽ ማብራት ተገቢ አይደለም፤ አራቱም ካሜራዎች ላይ ፍላሽ ቢኖርም ባይኖርም እዚያ አይጠቅማችሁም። ለነገሩ ሪኮ ጭራሽ ፍላሽ የለውም። የቀራችሁ ሌንሱና ሴንሰሩ ብቻ ናቸው። ካህኑ መስቀሉን ይዘው በሩ አጠገብ ሲቆሙ ግማሽ ፊታቸው ብርሃን ግማሹ ጥላ ይሆናል። ፈቃድ ጠይቃችሁ ያንን ስታነሱ ካኖንና ሪኮ ከሌሎቹ ይለያሉ። ሁለቱ በሚሰበስቡት ብርሃን በጣም ይቀራረባሉ፤ የሪኮው ትልቅ ሴንሰር የካኖኑን ሰፊ ቀዳዳ ያካክሳል፣ ትንሽም ያልፋል። ሪኮ ሴንሰሩ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የእጅን መንቀጥቀጥ ስለሚያስተካክል፣ ሳይንቀሳቀስ ለቆመ ነገር ድንቅ ነው። የድንጋዩን የመጥረቢያ ምልክት እንኳ ቁልጭ አድርጎ ያወጣል።

ሪኮን ግን ለሁሉም ሰው አልመክርም። ዙም የለውም። ሌንሱ 28 ሚሊ ሜትር ነው (ይህ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል)፤ ይህም የስልክ ዋና ካሜራ የሚያየውን ያህል ሰፊ ነው። ስክሪኑ አይታጠፍም። ቪዲዮውም ፎር ኬ የሚባለው ከፍተኛ ጥራት ላይ አይደርስም። ሰው አጠገብ ቀርቦ ማንሳት የሚወድ፣ ፎቶ ማንሳትን እንደ ሥራ የያዘ ሰው ይወደዋል። ጂአር 3 ኤክስ የሚባለው ወንድሙ 40 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለሰው ፊት ይበልጥ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2025 ጂአር 4 ወጥቷል፤ ሲወጣ ዋጋው ግን ወደ 1500 ዶላር ነበር።

ሕዝብ መሀል

ጥምቀት ጎንደር፣ ፋሲል መዋኛ። ከጠዋቱ ጀምሮ ሰው በሰው ላይ ነው፣ ዛፉ ላይ ሳይቀር። የጥር ፀሐይ ከፍ ሲል የካሜራ ስክሪን መስታወት ይሆናል፤ የራሳችሁን ፊት እንጂ የምታነሱትን አታዩም። እዚህ ሶኒ ብቻውን ያሸንፋል። ተጭናችሁት ብቅ የምትል ቪውፋይንደር አለችው፤ ዓይናችሁን አስጠግታችሁ ታያላችሁ። ሌሎቹ ሦስቱ የላቸውም። ዙሙ ከ24 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዳር ቆማችሁ ውኃው ውስጥ የሚዘሉትን ታቀርባላችሁ። በሰከንድ 20 ፎቶ ያነሳል። ፎከሱ ዓይን ላይ ከያዘ ሰውየው ቢዞርም ቢሮጥም አይለቅም። ካኖን በፎከስ ከሶኒ ያንሳል፤ ወደ እናንተ የሚሮጥ ሕፃን አንዳንዴ ያመልጠዋል። ዙሙም 100 ሚሊ ሜትር ላይ ይቆማል።

ከሰው ጭንቅላት በላይ አንስታችሁ ለማንሳት የካኖንና የሶኒ ስክሪን ወደ ታች ያጋድላል። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ታቦት ሲያልፍ ከኋላ የቆመ ሰው ግን ዋጋውን ያውቀዋል።

ቪዲዮ ለሚያነሱ አንድ ነገር ልጨምር። አያታችሁን አስቀምጣችሁ የልጅነት ታሪካቸውን ልትቀዱ ካሰባችሁ ድምፁ ከምስሉ ይበልጣል። ካኖንና ሶኒ የውጭ ማይክ ይቀበላሉ። ፓናሶኒኩ አይቀበልም። ልብስ ላይ የምትሰካ ርካሽ ማይክ አብራችሁ ግዙ።

ተራራ ላይ

ፓናሶኒክን እስካሁን የጣልኩት ይመስላል። አልጣልኩትም። ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ባሌ ሳነቴ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ እሱን የሚተካ የለም። ዙሙ 30 ጊዜ ነው፣ እስከ 720 ሚሊ ሜትር። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሰው አይሸሹም፤ ለእነሱ ካኖንም ይበቃል። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ግን ቆመው አይጠብቁም፣ ወፎችም እንደዚያው። ብርሃን እንደ ልብ በሆነበት ቦታ ትንሹ ሴንሰር አያሳፍርም። ዋጋውም ሲወጣ ወደ 500 ዶላር ነበር፣ ከአራቱ ትንሹ። ጉዟችሁ ፓርክና አውሬ ከሆነ እሱን ግዙ። ቤት ውስጥ ለሚነሳው ደግሞ ስልካችሁ ያግዛችሁ።

ባትሪና አቧራ

ባትሪ ላይ ፓናሶኒክ ይመራል፤ በአምራቾች መለኪያ ወደ 380 ፎቶ። ሶኒ 260፣ ካኖን 235፣ ሪኮ 200 አካባቢ ናቸው። ከፓናሶኒክ በስተቀር ለሁሉም ሁለተኛ ባትሪ ግድ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ ካምፕ የሚያድር ሰው ባትሪውን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞ ይተኛ፤ ብርዱ ቶሎ ያደክመዋል። ሶኒ የሚሞላው በአሮጌው ማይክሮ ዩኤስቢ ነው፣ ገመዱን እንዳትረሱ። ሌሎቹ ታይፕ ሲ ናቸው። ካኖን ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ቻርጀሩ ወይም ፓወር ባንኩ ፒዲ (ፓወር ዴሊቨሪ) የሚባለውን የዩኤስቢ ኃይል አሞላል የማይደግፍ ከሆነ አይሞላም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህን ማታ ላይ ማወቅ ያናድዳል።

አቧራው ከሁሉም ይብሳል። አራቱም አቧራ የሚከላከል ማሸጊያ የላቸውም። ሲበሩ ሌንሳቸው ይወጣል፣ ሲጠፉ ይገባል፤ ሲገባ አቧራውንም ይዞት ይገባል። አንድ ጊዜ በኮረኮንች መንገድ ላይ በመኪና መስኮት ሳነሳ ውዬ፣ ማታ ሌንሱ ወጥቶ አልገባም አለ። ሲር ሲር የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። የጉዞው ሦስተኛ ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሜራዬን ዚፕ ባላት ትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ነው የምይዘው። መኪና ውስጥም አላበራውም። አፋር የሚወርድ ወይም ሐይቅ ውስጥ የሚገባ ሰው ኦኤም ሲስተም ቲጂ7ን ይመልከት። 15 ሜትር ጥልቀት ውኃ ይችላል፣ ከ2.1 ሜትር ቢወድቅ እንዲተርፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ሌንሱም ወደ ውጭ አይወጣም። ሴንሰሩ ግን ትንሽ ነው፤ ማታ አትመኑት።

እኔ ብሆን

ቤተሰብ ሊጠይቅ ለሚሄድ ሰው የምመርጠው ካኖንን ነው። አብዛኛው የአገር ቤት ፎቶ የሚነሳው ቤት ውስጥ፣ ማታ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። ሠርግ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ቡና ላይ። ችግሩ ዋጋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ 749 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ በማኅበራዊ ሚዲያ ስሙ ስለገነነ ከዚያ በላይ ነው የሚሸጠው፣ ሱቅ ውስጥም ቶሎ አይገኝም። ገንዘብ ያለውና አንድ ካሜራ ሁሉን እንዲሠራለት የሚፈልግ ሶኒውን ይግዛ፤ ሲወጣ 1200 ዶላር ገደማ ነበር። በክፍል ውስጥ ከካኖን በግማሽ ያነሰ ብርሃን እንደሚያስገባ ግን አውቆ ይግዛ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀል መንገድም አለ። ያገለገለ ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 3። እ.ኤ.አ. የ2014 ካሜራ ነው። ዙሙ 70 ሚሊ ሜትር ላይ ያበቃል፣ ፎር ኬ የለውም። ሴንሰሩ ግን አንድ ኢንች፣ ሌንሱ ኤፍ 1.8፣ ቪውፋይንደርም አለው። የውስጥ ፎቶ ላይ ከአዲሱ ሶኒ ይሻላል። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የምታስገዙ ከሆነ ማሳሰቢያ ላኩለት። ዙሙን አምስት ስድስት ጊዜ ያስገባው ያስወጣው፣ የሚፋጭ ድምፅ ካለ ይተወው። ቀዳዳውን ኤፍ 8 ላይ አድርጎ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ያንሳ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ አቧራ ገብቶበታል። ፍላሹ መብራቱን፣ ቪውፋይንደሩም ሳይያዝ መውጣቱን ይይ።

ካሜራው እጃችሁ ሲገባ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ማታ ስጡት። ቤት ውስጥ አንድ አምፖል ብቻ አብሩ። ሹተሩን የምትወስኑበት ሞድ ላይ አድርጉትና 1/125 ላይ አቁሙት፣ አይኤስኦውን ለካሜራው ተዉለት። አንድ ሰው ውኃ እንዲቀዳ ጠይቁና አንሱት። እጁ ላይ ዙም አድርጋችሁ ጣቶቹን ቁጠሩ።