ልጆች ይዞ በአርቪ፦ አራት ሌሊት በሸናንዶዋ

አርቪ፣ ማለትም አልጋና ማብሰያ ያለው መኪና፣ ለመከራየት በስልክ ስንዋዋል አከራዮቹ «ስድስት ሰው ያስተኛል» አሉን። ያስተኛል፣ እውነት ነው። እየተጓዙ መቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ መሆኑን ያወቅሁት አከራዮቹ ግቢ ደርሼ የልጆቹን ወንበር ለማሰር ስሞክር ነው። ሶፋው ወደ ጎን የዞረ ነው፤ የልጅ ወንበር አይታሰርበትም። ከምግብ ጠረጴዛው ጀርባ ያለው መቀመጫ ወደ ፊት ቢያይም ቀበቶው የወገብ ብቻ ነበር። ለአራት ዓመቷ ልጄ ወንበር ይበቃል፤ ለሰባት ዓመቱ ወንድሟ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ (ቡስተር) ግን የትከሻ ቀበቶ የግድ ያስፈልጋል። ሠራተኛው «ሌሎች ደንበኞች ምንም አላሉም» ሲለኝ በጣም ተናደድሁ። ሁለት ሰዓት ቆመን ተከራክረን፣ የትከሻ ቀበቶ ያለው አሮጌ መኪና ቀየሩልን። እባካችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የመቀመጫዎቹንና የቀበቶዎቹን ፎቶ አስልኩ።

መኪናው ራሱ ጥሩ ነው። ርዝመቱ 25 ጫማ ሲሆን ባለቤቴ ግማሽ ቀን ሳይሞላው ለመደው። ነዳጅ ይበላል፤ በጋሎን 9 ማይል ገደማ ነው የሄደልን። በቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ተነስተን በፍሮንት ሮያል በኩል የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ ገባን። መንገዱ 105 ማይል ሲሆን ከ35 ማይል በሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድም፤ ለትልቅ መኪና የሚስማማ ፍጥነት ነው። 32ኛው ማይል ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ግን ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ብቻ ነው። የመኪናችሁን ቁመት ጣሪያው ላይ ካለው የአየር ማቀዝቀዣ ጋር አረጋግጡ። ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ በ33 ቁጥር መንገድ መጥታችሁ በስዊፍት ራን ጋፕ ግቡ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ አንድ ቁም ሳጥን ተከፍቶ ሲኒዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ከዚያ በኋላ ከመነሳታችን በፊት መቀርቀሪያውን ሁሉ እየዞርሁ መንካት ሥራዬ ሆነ።

ያረፍነው ፓርኩ ውስጥ ባለው የካምፕ ቦታ፣ ቢግ ሜዶውስ ነው። እዚያ ኤሌክትሪክ የሚሰካበት የለም፤ ጀነሬተርም የሚፈቀደው ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። አከራዮቹ ይህን አልነገሩንም፤ የጀነሬተሩን ሰዓት ግን ቆጥረው አስከፈሉን። የምግብ ማቀዝቀዣውና ምድጃው በጋዝ ስለሚሠሩ አልተቸገርንም። ክረምቱን ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ቡናውን ውስጥ ልትቆላ ስትጀምር የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ትንሿን ልጄን አስለቀሳት፤ ከዚያ ወዲያ የምንቆላው ውጭ ጠረጴዛው ላይ ሆነ። ድብ ስላለ ምግብም ዕቃም ውጭ አያድርም፤ ምጣዱን ሳይቀር አጥበን እናስገባ ነበር። የመጸዳጃውን ፍሳሽ መድፋት የባለቤቴ ድርሻ ነበር። ጓንት አድርጎ መጀመሪያ የመጸዳጃውን፣ ቀጥሎ የመታጠቢያውን ውኃ ይለቃል፤ የኋለኛው ቱቦውን ያጥበዋል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህን ፈርታችሁ አትቅሩ።

ከእነዚህ አከራዮች ዳግመኛ አልከራይም፤ በአርቪ ግን እንደገና እንሄዳለን። ይህንንም የወሰንሁት በሁለተኛው ሌሊት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ዝናቡ ወረደ። ከጎናችን ድንኳን የተከሉት ወጣቶች ዕቃቸውን ሰብስበው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። እኛ ሽሮ እያንተከተክን ነበር። ልጄ ከሾፌሩ በላይ ያለው አልጋ ላይ ወጥቶ በደረቱ ተኝቷል፤ ጣሪያው ከራሱ አንድ ክንድ አይርቅም። ዝናቡ ሲያይል ድምፁ ቤቱን ሞላው። እኔ ያደግሁት በቆርቆሮ ቤት ነው፤ ልጆቼ ግን እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምተው አያውቁም። እናቴ ትንሿን አቅፋ «ስሚ፣ የእኛ ቤት እንዲህ ነው የሚለው» አለቻት። ልጅቷም ሽሮው ሳይደርስ እዚያው እቅፏ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት።